ሐሙሲት ላይ መንገድ የተዘጋ ዕለት ያየሁት ቴኒስ

ቴኒስ የሚባለውን ጨዋታ በዕድሜዬ አንድ ቀን ብቻ ነው ያየሁት። ደግሜ ማየት አልፈልግም። ተጫዋቾቹ ምንም አላደረጉኝም። ዓለም ያጨበጨበላቸው፣ ጊዜያቸውን ጨርሰው ያቆሙ ሁለት ታላላቅ ሰዎች ናቸው አሉ። እኔ ግን ያን ዕለት ልጄን ከባሕር ዳር እየጠበቅሁ ነበር፤ መንገዱም ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ ያ ጨዋታ ሲነሣ የሚታወሰኝ ኳሱ ሳይሆን ባዶው አስፓልት ነው።

የምሠራው ወረታ፣ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ነው። ተወልጄ ያደግሁት እዚያው አጠገብ፣ በእግር የሚደረሰው ቁሐር ሚካኤል ነው፤ ውኃ ሲሞላ ቤታችንን ጥለን እየወጣን፣ ሲጎድል እየተመለስን። ፊደል የቆጠርሁት ጢሜ ከሸበተ በኋላ፣ ቀበሌው የጎልማሶች ትምህርት ብሎ በከፈተው ክፍል ውስጥ ነው። ይህን የምለው እንዲታዘንልኝ አይደለም። አጻጻፌ እንደ ተማረ ሰው ካልተቃና ምክንያቱ ይታወቅ ብዬ ነው። ልጄ ግን በጊዜዋ ተምራለች። ባሕር ዳር ነርስነት ታጠናለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ እኔ ለእሷ፣ እሷ ለእኔ ነን፤ ሌላ ሰው የለንም።

የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ነበር። ቁሐር ላይ የዓመቱ ንግሥ ነው፤ አገር ይሰበሰባል፣ ሩዙም የሚታጨድበት ወቅት ስለሆነ ሰው ሁሉ ከማሳው ተነሥቶ ነው የሚመጣ። "ዘንድሮ ይቅርብሽ፣ አትምጪ" ብያት ነበር። "እሺ" አለች። ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

"አባዬ፣ ተሳፈርሁ" አለችኝ።

ከኋላዋ የሚኒባሱ ረዳት "ወረታ! ወረታ! የሞላ!" እያለ ሲጮህ ይሰማል። እኔ መቆጣት ስጀምር ሳቀችና ስልኩን ዘጋችው። ግትር ናት። በማን እንደወጣች ይታወቃል።

ረፋዱ ላይ ኔትወርክ ጠፋ። መጥፋቱ ብርቅ አይደለም፤ ለምደነዋል። ቆይቶ ግን ሐሙሲት ላይ መንገድ ተዘጋ የሚል ወሬ መጣ። ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደኛ ሲመጡ መሐል ላይ ያለች ከተማ ናት፤ እሷ ላይ ከተዘጋ እኛ ዘንድ የሚደርስ ነገር የለም። በዚህ ጊዜ እኛ አገር ማን ዘጋው ብሎ የሚጠይቅ ሰው አታገኝም። የሚጠየቀው "ተኩስ አለ ወይ?" ነው። አንዱ አለ ይልሃል፣ ሌላው የለም ይልሃል፤ ሁለቱም ከወረታ ንቅንቅ አላሉም።

የመፈልፈያውን ሞተር አጠፋሁና በሩን ቆልፌ መናኸሪያ ወረድሁ። ወደ ሐሙሲት ጭነት ይዞ ወጥቶ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ የተመለሰ አንድ ሾፌር አገኘሁ። ጎማው ላይ ተደግፎ ቆሟል።

"ምን አየህ?" አልሁት።

"ምንም።"

"ታዲያ ለምን ተመለስህ?"

"ምንም ስላላየሁ ነዋ። ከዚያ ወዲህ አንድ መኪና አይመጣም፣ አንድ ሰው አይመጣም። በግ እንኳ አስፓልቱን አያቋርጥም። እንዲህ ጭር ያለ መንገድ ላይ እኔ አልነዳም።"

የባሰብኝ ይሄ ነው። ተኩስ አለ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። ወዲያው የመናኸሪያው ዘበኛ በር ልዘጋ ነው ብሎ ሁላችንንም አስወጣን።

ከአስፓልቱ ዳር ኳስ የምታሳይ ሴት አለች። ጎረቤቴ ናት፤ እታለም እላታለሁ፣ ወንድም ዓለም ትለኛለች። እሷ ቤት የገባሁት ኳስ ለማየት አይደለም። የቤቷ በር አስፓልቱን ፊት ለፊት ያያል። ከሐሙሲት የሚመጣ ነገር ሁሉ፣ አህያም ቢሆን፣ በዚያ በር ሳያልፍ ወረታ አይገባም ብዬ ነው። በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ፣ ፊቴን ወደ ውጭ፣ ጀርባዬን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቼ ተቀመጥሁ።

የእንግሊዝ ኳስ ያለ ቀን መቆሚያ የማይገኝበት ቤት ነው። ያን ዕለት የነበርነው መሄጃ ያጣን ጥቂት ሰዎች ነን። ሩዛቸውን ሊያስፈለፍሉ ከቁሐር መጥተው የቀሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ አባቴን የሚያውቁ። ወረዳ ጽሕፈት ቤት ተመድቦ የመጣ አንድ የአዲስ አበባ ልጅም ነበር። ልጅ እላለሁ እንጂ ጎልማሳ ነው። ቴሌቪዥኑን ቴኒስ ላይ ያስደረጋት እሱ ነው። ሕፃን ሆኖ አዲስ አበባ የቴኒስ ሜዳ ላይ ኳስ ለቃሚ ነበር አሉ፤ እነዚህን ሁለት ሰዎች ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በስም ያውቃቸዋል። እታለምን ሲለምናት ሰማሁት።

"እትዬ፣ በናትሽ! እነዚህ ሁለቱ ድጋሚ አብረው አይጫወቱም። የመጨረሻ ነው!"

"ሰው ልቡ ተሰቅሎ አንተ ጨዋታ ታማርጣለህ" አለችው፤ ግን ከፈተችለት። እሷም ዝምታውን ፈርታ ነበር።

መብራት ነበረ። ዲሹም የሚቀበለው ከሰማይ ስለሆነ የኔትወርኩ መጥፋት አላገደውም። ጀርባዬ ላይ ጭብጨባ ሰማሁ፤ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚያወጣው ድምፅ ዓይነት። ዘወር ብዬ አየሁ። ያገሩ ሰው በሙሉ የተሰበሰበ ይመስላል፤ ዙሪያውን እስከ ላይ ተደርድሯል፣ መሐሉ ላይ ሁለት ሰዎች ብቻ በነጭ ልብስ ቆመዋል። አንደኛው ጸጉሩ ሳስቷል። ሌላው ጉልበቱን በጨርቅ አስሯል።

"ምንድን ነው ይኸ?" አሉ ሽማግሌው።

"ቴኒስ ነው አባባ" አለ የአዲስ አበባው። "ሁለቱም በዓለም አንደኛ የነበሩ ናቸው። አሁን አቁመዋል። ዛሬ ሕዝብ እንዲያያቸው ብቻ ነው የሚጫወቱት።"

"ካቆሙ ለምን ይጫወታሉ?"

"ሰው ናፍቋቸው።"

ሽማግሌው ትንሽ ካዩ በኋላ ወደኔ ዘንበል አሉ። "አንተ፣ ያ ሁሉ ሰው ምኑን ነው እምቢ የሚል?"

"ምን አሉ አባቴ?"

"አታያቸውም? ራሳቸውን ወዲያና ወዲህ ይወዘውዛሉ። አገር በሙሉ አንድ ላይ እምቢ ብሏል።"

"ኳሷን በዓይናቸው እየተከተሉ ነው አባባ" አለ የአዲስ አበባው እየሳቀ።

"እንዲያ ነው? እኔስ ግብር ተጨምሮባቸው መስሎኝ።"

ቤቱ ሳቀ። እኔም ከንፈሬ ፈታ ሊል ሲል አስፓልቱ ትዝ አለኝና ቶሎ ዞርሁ። አንድ ዓይነት ፍርሃት አለ፤ አንተ ስትስቅ ያ የምትጠብቀው ነገር የሚያልፍ ይመስልሃል፣ ሳታየው። ወዲያ ማዶ ያለው ቁልቋል፣ የተዘጋው ሱቅ፣ ባዶው መንገድ፤ ያው እንደነበሩ ናቸው።

"ይኸ መቼ የተደረገ ነው?" አሉ ሽማግሌው እንደገና።

"አሁን ነዋ! ቀጥታ ነው፣ ላይቭ። እሱ ኳሷን አሁን ሲመታት እኛም አሁን እናያታለን።"

"በዚች ሰዓት?"

"በዚች ሰዓት።"

ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ባሕር ተሻግሮ፣ ስሙን እንኳ በማላውቀው አገር፣ አንድ ሰው ግንባሩን ሲጠርግ ላቡ ይታየኛል። ጫማውን ሲያስር ይታየኛል። ልጄ ግን ከሐሙሲት ወዲህ ትሁን ወዲያ አላውቅም። ሐሙሲት ማለት በወጣትነቴ ከብት እየነዳሁ ደርሼ እመለስባት የነበረች ከተማ ናት። ሰው የሠራው ነገር ሁሉ እንዲህ ነው፤ የማትፈልገውን ከሩቅ ያመጣልሃል፣ የምትፈልገውን ከቅርብ ይነሣሃል።

ግን ማየቴን አልተውሁም። አንድ ጊዜ መንገዱን፣ አንድ ጊዜ ቴሌቪዥኑን። እኔም እንደዚያ ሕዝብ ራሴን ወዲያና ወዲህ ስወዘውዝ ዋልሁ።

ያስጠላኝ ዝምታው ነበር። አንደኛው ኳሷን ሊመታ ሲዘጋጅ ያ ሁሉ ሕዝብ ጸጥ ይላል። ሳል እንኳ የለም። ሰውየው ኳሷን መሬት ላይ ያነጥራል፣ ያነጥራል፣ ከዚያ ወደ ላይ ወርውሮ፣ ቷ! ያን ጊዜ እታለም ትደነግጣለች፣ ሽማግሌው ይደነግጣሉ፣ እኔም እደነግጣለሁ። የአዲስ አበባው ብቻ ያጨበጭባል። እነዚያ ሰዎች ጸጥታውን ወደውት ነው ጸጥ የሚሉት። እኛ ጸጥታ ሲሆን የምናደርገው ጆሮ መጣል ነው፤ ከየት በኩል ይመጣ ይሆን ብለን።

"ማን እየመራ ነው?" አልሁት፣ ሐሳቤን ለመቀየር።

"ሠላሳ ለአሥራ አምስት።"

ቁጥሩ ከታች ተጽፎ ይታየኛል። ፊደላቸውን ባላውቅም ቁጥር አይጠፋኝም። ቀጥሎ አርባ አምስት ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ፤ አርባ ሆነ።

"አምስቷ የት ሄደች?"

"እንደሱ ነው ጋሼ፣ ከሠላሳ በኋላ አርባ ነው።"

"ለምን?"

ራሱን አከከ። "ለምን እንደሆነ እንጃ። ከድሮም እንደዚህ ነው።"

"የሚሸነፈውስ ምን ይሆናል?"

"ምንም አይሆንም። ለወዳጅነት ነው የሚጫወቱት። ተመልከቷቸው፣ እየተሳሳቁ ነው።"

እውነትም ይሳሳቃሉ። ጸጉሩ የሳሳው ኳሷ አልፋው ስትሄድ ዞሮ በእግሮቹ መሐል መታት፤ ሌላው ራኬቱን መሬት ጥሎ አጨበጨበለት። ሊመልሳት ሲችል ዝም ብሎ አሳለፋት። አንዱ ሲስት ሌላው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ ይጠይቀዋል። እንዲህ ዓይነት ነገር አይቼ አላውቅም። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው፣ አንዱ በሌላው ላይ በሙሉ ኃይሉ እየወረወረ፣ አንዱም የማይፈራ። ቀናሁባቸው። ዝናቸው ይቅርብኝ፤ የቀናሁት በሆዳቸው ነው፣ ለቀቅ ብሎ በተኛው ሆዳቸው።

መሐል ላይ ነው እንግዲህ የአዲስ አበባው ያን ቃል የተናገረ። ጉልበቱን ያሰረው ማስጀመሪያውን ሲመታ ኳሷ የመሐሉን መረብ ጫፍ ነክታ ወደ ማዶ ወደቀች። ልጁ ከአግዳሚው ዘሎ ተነሣ።

"ኔት! ኔት ነው!"

ቤቱ ተገለበጠ። ሽማግሌው እንኳ ሳይቀሩ ስልካቸውን ከጋቢያቸው ውስጥ መዥረጥ አደረጉ። እታለም የእሷን ከመደርደሪያው ላይ ለመያዝ ስትሮጥ ብርጭቆ ጣለች። እኔ የልጄን ቁጥር ነካሁና ጆሮዬ ላይ ለጠፍሁት። ምንም። ደገምሁት። ምንም። ድንጋይ ጆሮዬ ላይ የያዝሁ ያህል ነው።

"የታለ? የታለ ኔቱ?" አልሁ።

"ምን?" አለ ልጁ፣ አሁንም ቆሞ።

"ኔት መጣ አላልህም?"

"ኧረ ኳሷን ነው! መረቡን ስትነካ ኔት ይባላል። ይደገማል ማለት ነው።"

ኮሌታውን እንዴት እንደያዝሁት አላውቅም። ይዤው ራሴን አገኘሁት። ፊቱ ለፊቴ ቀርቦ፣ ዓይኑ ፈጥጦ፣ "ጋሼ... ጋሼ ይቅርታ" ይላል። ያን ጊዜ ብመታው ይወጣልኝ ነበር። ሽማግሌው ናቸው እጄን የያዙኝ።

"ተው፣ ተው ልጄ። የጨዋታው ቋንቋ ሆኖበት ነው እንጂ አንተን ሊያቆስል አይደለም።"

"የእናቱ ቋንቋ አማርኛ ነው!" አልሁ።

"ይሁንለት። ልቀቀው።"

ለቀቅሁት። እታለም የብርጭቆውን ስባሪ እየጠረገች፣ "ስማ አንተ" አለችው፣ "ከእንግዲህ እዚህ ቤት ያን ቃል የሚል ይወጣል። መረብ በል። አማርኛ አለህ አይደል?"

"እሺ እትዬ፣ መረብ።"

"መረብማ ለዓሣ ነው" አሉ ሽማግሌው። "እነሱ በደረቅ መሬት ምን ያጠምዱበታል?"

ሰው እንደገና ሳቀ፤ ሳቁ ግን የውሸት ነበር፣ ሁሉም ስልኩን በእጁ እንደያዘ ነው የሳቀው። ልጁ ቀስ ብሎ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

"ማንን እየጠበቁ ነው ጋሼ?"

"ልጄን።"

እሱም ፊቱን ወደ አስፓልቱ አዞረ። ያን ያህል የወደደውን ጨዋታ ትቶ አብሮኝ ባዶ መንገድ ማየት ጀመረ። አላመሰገንሁትም። በዚያ ሰዓት ማንንም ለማመስገን ልብ አልነበረኝም።

ጥቂት እንደቆየን ቴሌቪዥኑ ውስጥ እንደገና ያ ጸጥታ ወረደ። ሰውየው ኳሷን ያነጥራል። እኔም ዘወር ብዬ አየሁት። ቷ! ሁላችንም እንደለመድነው ደነገጥን፤ የአዲስ አበባው ግን አላጨበጨበም። ሰውየው ኳሷን ገና አልመታትም ነበር። በእጁ እንደያዛት ነው።

ድምፁ ከውጭ ነው የመጣው።

ቀጥሎ ተደጋገመ። ሩቅ ነው ያለ አለ፣ ቅርብ ነው ያለ አለ። እታለም ሮጣ የላሜራውን በር ስትስበው ያዝሁት።

"አትዝጊው!"

"አብደሃል ወንድም ዓለም? ልቀቅ!"

"ልጄ ትመጣለች!"

"ብትመጣ ታንኳኳለቻ!"

"እዚህ መሆኔን አታውቅም እኮ!"

ይህን ስል ድምፄ ተሰበረ። ሰው ፊት እንዲህ ሆኜ አላውቅም፤ ሚስቴን ስቀብር እንኳ። እታለም ዓይኗን አልሰበረችም። "ሌሎቹም ሰዎች ልጅ አላቸው" አለችና በሩን ዘጋችው። ትክክል ነበረች። ግን እስከ ዛሬ ያ ንግግሯ ይቆረቁረኛል።

የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋችው። ሁላችንም ወለሉ ላይ፣ ከግድግዳው ሥር ተቀመጥን። እኔ በሩ ሥር ተንበርክኬ ላሜራው ላይ አንድ የሚስማር ቀዳዳ አገኘሁና ዓይኔን ሰካሁበት። የሚታየኝ አስፓልቱ ነው፣ ቁራጩ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ። በዚያ ውስጥ የሚያልፍ ነገር ካለ ማየት እችላለሁ፤ ማን እንደሆነ ግን አላውቅም። አንድ ውሻ አለፈ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም። ከጀርባዬ ሁለቱ ሰዎች ያለ ድምፅ ይሳሳቃሉ፤ የቴሌቪዥኑ ብርሃን ላሜራው ላይ ይንቀሳቀሳል።

ሐሳብ የሚባለው ነገር ክፉ ነው። ያን ጊዜ ልጄ በብዙ ዓይነት ሞተችብኝ። መኪናው ውስጥ ሞተች። መኪናው ሥር ተኝታ ሞተች። የቆሰለ ሰው አይታ፣ ነርስ ነኝ ብላ ስትወጣ ሞተች። ይሄኛው ነው በጣም ያስፈራኝ፤ የምታደርገው ነገር ስለሆነ።

ተኩሱ ቆመ። ሽማግሌው "ሚካኤል፣ ሚካኤል" እያሉ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ፀሐይዋ ማዘቅዘቅ ስትጀምር የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ሚኒባስ ነው። በቀዳዳዬ ፊት ነጭ ጎኑ ሽው ብሎ አለፈ፤ መስኮቱ ላይ ጭንቅላቶች ነበሩ፣ የማንም ይሁኑ። ተነሣሁና መቀርቀሪያውን ሳብሁት። እታለም በዚህ ጊዜ አልከለከለችኝም።

"ብቻዎን አይሄዱም" አለና የአዲስ አበባው ተከተለኝ።

"ጨዋታህን እይ።"

"አልቋል" አለኝ። አላለቀም ነበር። ዞር ስል ሁለቱ አሁንም ሲሯሯጡ አይቻቸዋለሁ።

መናኸሪያው በር ላይ ደረስን። ሚኒባሱ ቆሟል፣ ሰው ወርዶ ተበትኗል። ሾፌሩ ውኃ ፊቱ ላይ ያፈሳል። ልጄን ነገርሁት፦ ቀጭን፣ ጠይም፣ ነጭ ነጠላ፣ ባሕር ዳር የተሳፈረች።

"ነርሷ?" አለ።

"እሷ! የታለች?"

"ወርዳለች።"

"የት? የት ወረደች?"

"መንገዱን እንደዘጉት ነው የወረደች። ወደ ሚካኤል የሚሄዱ ሴቶች ነበሩ፣ በማሳው እናቋርጣለን ብለው ወረዱ፤ አብራ ሄደች።"

"ዝም ብለህ አወረድሃት?"

"አስሬ ላስቀራት ኖሯል? እኔ ራሴ የምገባበት አጥቼ መሪው ሥር ተኝቼ ነው የዋልሁ። አሁንም ያሳለፉ እኔን ብቻ ነው፤ ከኋላዬ መልሰው ዘግተውታል።"

ከማሳው በኩል ነበር ተኩሱ የመጣው። ወይም እንደዚያ መሰለኝ። ቁሐር ተወልጄ፣ የሩዙን ማሳ በሙሉ በእግሬ እያወቅሁት፣ ውኃው ሲጎድል ሰው በየትኛው በኩል እንደሚያቋርጥ እያወቅሁ፣ ቀኑን ሙሉ አስፓልት ላይ አፍጥጬ ዋልሁ። ወረታ መኖር ነው እንዲህ ያደረገኝ። ከተሜ ሆኜ ነው ሰው በመኪና ብቻ የሚመጣ የመሰለኝ።

ዱላዬን ይዤ ወደ ቁሐር ልወርድ ወደ ቤቴ ሮጥሁ፤ ልጁ ከኋላዬ ነው። የቤቴ በር ገርበብ ብሏል። ቆልፌው ነበር የወጣሁ። ሌባም ይሁን ሌላ ግድ አልሰጠኝም፣ ገፍቼ ገባሁ።

ልጄ መሐል ቤት ቆማለች። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው፣ ነጠላዋ ላይ የሩዝ ገለባ ተሰክቷል። በአንድ እጇ ጫማዋን፣ በሌላው የቤቱን ቁልፍ ይዛለች፤ ለመውጣት ይሁን ለመግባት አይታወቅም።

"የት ነበርህ?" ብላ ጮኸችብኝ።

ቁስል ይኖር እንደሆን ከራሷ እስከ እግሯ አየኋት።

"መፈልፈያ ቤት ሄድሁ፣ ዝግ ነው። ወደ መናኸሪያ ሲወርድ አየነው አሉኝ፣ መናኸሪያው ዝግ ነው። እኔን ፍለጋ ወደ ሐሙሲት ሄዷል ብዬ... ተኩስ አለ፣ አባዬ! አልሰማህም? የት ነበርህ?"

"ቴኒስ ሳይ" አልሁ።

"ምን?"

"ቴኒስ።"

ያበድሁ መስሏት ዓይን ዓይኔን አየችኝ። የአዲስ አበባው በሩ ላይ እንደቆመ "እውነቱን ነው" አለ፤ ከዚያ ያለ ቦታው መናገሩ ገብቶት "እግዚአብሔር ይመስገን" ብሎ ሄደ። ልጄ ጫማዋን ጣለችና ደረቴን በቡጢ መታችኝ፣ ከዚያ እዚያው ላይ አለቀሰች። እኔ አላለቀስሁም። መደብ ላይ ተቀመጥሁ።

ውኃ አሞቅሁላት። እግሯን እየታጠበች እንዴት እንደመጣች ነገረችኝ። ሴቶቹ በማሳ በማሳ ቁሐር አደረሷት፤ ከቁሐር ደግሞ በከተማው ጀርባ ገባች። ተኩሱን ሲሰሙ ያልታጨደ ሩዝ ውስጥ ተኝተዋል። አንዲት ነፍሰ ጡር ነበረች፣ እሷን ደግፋ ነው የተኛችው። ይህን ስትለኝ እንደ ቀላል ነገር ነው። ያን ያህል ቀላል ነገር አድርጋ መናገሯ ከጭቃው ይልቅ አስፈራኝ።

"ነገ ሚካኤልን እንሳለማለን" አለች። "ከዚያ መንገዱ እንደተከፈተ እመለሳለሁ፤ ፈተና አለብኝ።"

"እሺ" አልሁ።

ቀኑን ሙሉ መንገዱን የዘጋውን ስረግም ውዬ ነበር፤ ማን እንደሆነ ሳላውቅ፣ እስከ ዘር ማንዘሩ። ማታ እሷ ስትተኛ ግን ለኅዳር ሚካኤል የተሳልሁት ስለት ሌላ ነው። መንገዱ እንዳይከፈት ነው የለመንሁት። አገር እንዲራብ፣ በሽተኛ ሐኪም ቤት እንዳይደርስ፣ ሩዙም እንዳይሸጥ መለመኔ እንደሆነ እያወቅሁ፣ ይዘጋ፣ ዝግ ሆኖ ይክረም አልሁት መልአኩን።

ጠዋት ገና ከቤት ሳንወጣ ከአስፓልቱ በኩል የረዳት ጩኸት ተሰማ። ባሕር ዳር፣ ባሕር ዳር ይላል። ልጄ ነጠላዋን እያጣፋች ቆም ብላ አዳመጠች፤ ፊቷ በራ።

"ተከፈተ አባዬ" አለችኝ።